ጆን ዳቬንፖርት ሲድሊ

ጆን ዳቬንፖርት ሲድሊ (ሐምሌ 30 ቀን 1858 – ጥቅምት 24 ቀን 1946 ዓ.ም.) እንግሊዛዊ የመኪናና የአውሮፕላን ሞተር አምራች ነበር። በስሙ ከተጠሩት መኪናዎች መካከል በይበልጥ የሚታወቀው አርምስትሮንግ ሲድሊ ነው። ይህ መኪና ከ1919 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ሲሠራ ቆይቶ አላዋጣ ስላለ ተቋርጧል። ሲድሊ በሕይወት ዘመኑ ስሙን በአምስት የተለያዩ መኪናዎች ላይ አሳርፏል፤ ዛሬ ግን አንዱም አይመረትም። የቀሩትን የሚጠብቋቸው በፍቅር የሚሰበስቧቸው ሰዎች ናቸው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ስሙ እንግዳ ቢመስልም፣ በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥታ በድሬዳዋና በአዋሽ በኩል፣ ማለትም ዛሬ ሚኤሶና ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የሚገኙበትን የምዕራብ ሐረርጌ አገር ተሻግራ አዲስ አበባ የደረሰችው የመጀመሪያዋ መኪና የሲድሊን ስም የያዘች ነበረች።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ዘመን

ሲድሊ የተወለደው በማንችስተር አካባቢ ነው። አባቱ ዊልያም ሲድሊ የካልሲና የሹራብ ነጋዴ ስለነበር ልጁም ሥራ የጀመረው በአባቱ ቤት ጨርቅ በመቁረጥ ነው። ማታ ማታ ግን ሥዕልና ንድፍ ይማር ነበር፤ በዕረፍቱም ብስክሌት ይጋልብ ነበር። በዚያን ጊዜ ብስክሌት እንደ ዛሬው ተራ ነገር አልነበረም። የአዲስ ዘመን ማሽን ነበር፤ በኋላ መኪናና አውሮፕላን የሠሩት ብዙ እንግሊዛውያን እጃቸውን ያፍታቱት በብስክሌት ፋብሪካ ውስጥ ነው።

በ1892 ሃምበር የተባለው የብስክሌት ፋብሪካ ሲድሊን በንድፍ ሠራተኛነት ቀጠረው። በዓመቱ ደግሞ በአየር የሚነፋ ጎማ ወደሚሠራው፣ በኋላ ደንሎፕ እየተባለ ወደታወቀው ኩባንያ ተዛወረ። በዚያው በ1893 ሳራ ሜብል ጉዲየርን አገባ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ክሊፐር የተባለውን የጎማ ኩባንያ መምራት ጀመረ። በ1900 የእንግሊዝን አገር ለመዞር በተደረገው የአንድ ሺህ ማይል የመኪና ሙከራ ጉዞ ላይ ተካፈለ። ብዙ እንግሊዛዊ መኪና የሚባል ነገር በዓይኑ ያየው በዚያ ጉዞ ነው። ሲድሊ የሄደው ጎማ ለመሸጥ ነበር፤ የተመለሰው ግን መኪና የመሥራት ሐሳብ ይዞ ነው።

በስሙ የተጠራው የመጀመሪያ መኪና

በ1902 ሲድሊ አውቶካር የተባለውን ኩባንያ በኮቨንትሪ አቋቋመ። ኩባንያ ይባል እንጂ የራሱ ፋብሪካ አልነበረውም። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች በፈረንሳዩ ፔዦ አሠራር ላይ የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ በኋላ ሥራው ቪከርስ ለተባለው ትልቅ የጦር መሣሪያ ኩባንያ ተሰጠ። ቪከርስ በዚያን ጊዜ ዎልስሊ የሚባለውን የመኪና ፋብሪካ በባለቤትነት ይዞ ነበር።

የሲድሊ ዕድል የተከፈተው በዎልስሊ ውስጥ በነበረ ክርክር ነው። የዎልስሊ ሥራ አስኪያጅ ኸርበርት ኦስቲን ሲሊንደሮቹ በጎን የተጋደሙ ሞተር እንጂ ሌላ አልሠራም ባይ ነበር። ገዢው ግን እንደ ፈረንሳይ መኪና ሲሊንደሮቹ ቀጥ ብለው የቆሙበትን ሞተር ይመርጥ ጀመር። የሲድሊ መኪናም ይህንኑ የቆመ ሞተር የያዘች ስለነበረች ተሸጠች። በ1905 ኦስቲን ፋብሪካውን ለቅቆ የራሱን ኩባንያ መሠረተ። ዎልስሊም የሲድሊን ድርጅት ገዝቶ ሲድሊን በኦስቲን ቦታ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ በበርሚንግሃም የወጡት መኪናዎች አንዳንዴ ሲድሊ፣ አንዳንዴም ዎልስሊ-ሲድሊ ተባሉ። የቆየው የፋብሪካ ስም ወደ ኋላ ተገፍቶ የአንድ አዲስ ሰው ስም ፊት ፊት መውጣቱ የዎልስሊን ባለቤቶች ሁሉ ደስ ያሰኘ ነገር አልነበረም።

የሲድሊ መኪና በኢትዮጵያ

ሲድሊ ዎልስሊን በሚመራበት ዘመን ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ አንዲት ዎልስሊ-ሲድሊ ይዞ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለማድረስ ተነሣ። (ይህ ሰው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በ1919 ከተመሠረተው የቤንትሊ መኪና ፋብሪካ ጋር መምታታት የለበትም።) ጉዞው የተፈጸመው በ1907 መጨረሻና በ1908 መጀመሪያ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ነው።

ጉዞውን ለመረዳት የዚያን ጊዜውን መንገድ ማሰብ ያስፈልጋል። በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደርሶ ቆሞ ነበር። በገንዘብ እጦትና በፖለቲካ ጭቅጭቅ ምክንያት ሥራው ለዓመታት አልተንቀሳቀሰም። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ሲሆን ያን ጊዜ ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ስለዚህ ቤንትሊ በመጣበት ዓመት ከድሬዳዋ ወዲያ ያለው ከመንገዱ ግማሽ የሚበልጠው ክፍል የግመልና የበቅሎ መንገድ ብቻ ነበር።

ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ ሁለት ዓይነት አገር ይጠብቀው ነበር። አንደኛው ሞቃቱ ቆላ ነው፤ የግራር ቁጥቋጦ፣ ደረቅ የወንዝ አሸዋ፣ የኢቱ ኦሮሞና የኢሳ አርብቶ አደሮች ከብትና ግመል የሚያሰማሩበት የሚኤሶና የአሰቦት ሜዳ። ሁለተኛው በስተደቡብ ከፍ ብሎ የሚታየው የጨርጨር ደጋ ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ውኃና እህል የሚገኝበት፣ ነገር ግን ዳገቱና ቁልቁለቱ የማያልቅ። ነጋዴዎች እንደ ወቅቱና እንደ ጭነታቸው አንዱን ወይም ሌላውን ይመርጡ ነበር። ከዚያ በኋላ የአዋሽ ሸለቆ አለ፤ ከአዋሽ ደግሞ እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ ወደ ሸዋ ደጋ መውጣት ነው። ለበቅሎ ይህ ሁሉ የታወቀ ነገር ነው። ቀጭን ጎማ ላላት፣ ድንጋይ ሲነካት ለምትጎዳ መኪና ግን ሌላ ነው። ቤንዚንም በመንገድ ላይ ስለማይገኝ አብሮ መጫን ነበረበት።

የጭሮ ከተማ በዚያን ጊዜ ገና አልተቆረቆረችም፤ አሰበ ተፈሪ ተብላ የጨርጨር ዋና ከተማ የሆነችው በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአስተዳደር ዘመን ነው። ሚኤሶም የባቡር ጣቢያ የሆነችው ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ ሲቀጥል ነው። መኪናዋ በምዕራብ ሐረርጌ አገር ያለፈችው እንግዲህ ከባቡሩም ከመኪና መንገዱም ቀድማ ነው።

መኪናዋ አዲስ አበባ ደረሰች፤ አዲስ ነገር ሁሉ የሚያስደስታቸው ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፍረው ሞከሯት። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ የምትባል የጀርመን መኪና ይዞ እሱም አዲስ አበባ ገባ። ስለ ቤንትሊ ጉዞ ክሊፎርድ ሃሌ የተባለ ጸሐፊ በ1913 ወደ ምኒልክ በሞተር መኪና የሚል ርእስ ያለው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳትሟል። ወደ ኢትዮጵያ ቀድመው የገቡት የሁለቱም መኪናዎች ፋብሪካዎች ዛሬ የሉም፤ ናኬም እንደ ሲድሊ መኪና መሥራቱን ከጊዜ በኋላ አቁሟል።

ሲድሊ ራሱ ኢትዮጵያን አላየም። መኪናዋ አዲስ አበባ ከገባች በኋላም በዎልስሊ ብዙ አልቆየም። ሽያጩ እየቀነሰ ከባለቤቶቹ ጋር አለመስማማቱ ስለጠነከረ በ1909 ለቀቀ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ዎልስሊ የእሱን ስም ከመኪናዎቹ ላይ አነሣ።

ዴሲ እና ስፊንክስ

በዚያው በ1909 ሲድሊ ወደ ኮቨንትሪ ተመልሶ ዴሲ ወደሚባል አነስተኛ የመኪና ኩባንያ ገባ። መሥራቹ ካፒቴን ሄንሪ ዴሲ ቲቤትን የመረመረ የአየርላንድ ተወላጅ መኮንን ነበር፤ እሱ ግን ከኩባንያው አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። ሲድሊ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ አዲስ መኪና አወጣና የራሱን ስም የመጀመሪያ ፊደላት ሰጣት። በ1912 ደግሞ ኩባንያው ሲድሊ-ዴሲ ተባለ። ሰውየው ባለበት ሁሉ ስሙ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይመጣል፤ ይህ በሕይወቱ ሁሉ የሚታይ ነገር ነው።

በዚያን ጊዜ ሲድሊ-ዴሲ የናይት ሞተር የሚባለውን ይጠቀም ነበር። ተራው ሞተር ቫልቮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ ይንኳኳል፤ በናይት ሞተር ግን በሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት እጅጌ መሰል ቱቦ የቫልቩን ሥራ ስለሚሠራ ድምፁ በጣም ዝቅተኛ ነው። አንድ ጋዜጠኛ መኪናዋን ዝም ካለው የግብፅ ስፊንክስ ጋር በማነጻጸሩ ሲድሊ የአንበሳ አካልና የሰው ራስ ያለውን ይህን ሐውልት ምልክቱ አድርጎ ወሰደው። ስፊንክሱ ከዚያ ጀምሮ እስከ 1960 ድረስ በመኪናዎቹ አፍንጫ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። መልኩ በየጊዜው ተለውጧል፤ በመጨረሻዎቹ መኪናዎች ላይ የጄት ሞተር እንዲመስል ተደርጎ ነበር።

የጦርነቱ ዓመታት

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የኮቨንትሪው ፋብሪካ አምቡላንስና የጭነት መኪና ይሠራ ጀመር፤ በኋላም ወደ አውሮፕላንና ወደ አውሮፕላን ሞተር ገባ። አር.ኢ.8 ከተባለው የጦር አውሮፕላን ከ1,000 በላይ ሠርቷል። ፑማ የተባለው የአውሮፕላን ሞተርም ከ4,000 በላይ ተመረተ። በጦርነቱ ማብቂያ የሠራተኛው ቁጥር ወደ 5,000 ደርሶ ነበር። የሲድሊ ሀብት የተገነባው በዚህ ነው፤ የመኪናው ዕጣም የተወሰነው ምናልባት ያኔውኑ ነው። ከዚያ ወዲያ የፋብሪካው ዋና ገቢ ከሰማይ እንጂ ከመንገድ አልመጣም።

ሲድሊ ለሠራተኞቹ ቀላል አለቃ አልነበረም። ቆራጥ፣ ፈጣንና በሁሉም ነገር ጣልቃ የሚገባ ነበር። በ1917 ከመንግሥቱ የአውሮፕላን ፋብሪካ ካመጣቸው ባለሙያዎች አንዱ ሳም ሄሮን ነበር። ሄሮን በሞተር ንድፍ ላይ ከሲድሊ ጋር ተጋጨና ሥራውን ትቶ ወደ አሜሪካ ሄደ። እዚያም በውስጡ ሶዲየም የያዘ፣ በቀላሉ የማይግል ቫልቭ አበጀ። ቻርልስ ሊንድበርግ በ1927 አትላንቲክን ብቻውን የተሻገረበት አውሮፕላን ሞተር ይህን ዓይነት ቫልቭ ነበረው። ሲድሊ ያጣው ሰው ማን እንደነበረ ከዚህ መገመት ይቻላል።

አርምስትሮንግ ሲድሊ

በ1919 አርምስትሮንግ ዊትዎርዝ የተባለው ግዙፍ የመርከብና የመድፍ ፋብሪካ ሲድሊ-ዴሲን ገዛ። የሁለቱ የመኪና ሥራ ተጣምሮም አርምስትሮንግ ሲድሊ ሞተርስ ተወለደ። የመጀመሪያዋ መኪና ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 5 ሊትር ገደማ የሆነ ሞተር ያላት፣ ትልቅና ከባድ ነበረች። ከዚያ በኋላ አነስ ያሉ መኪናዎች ተከተሉ። ስቶንሊ የምትባል ርካሽ መኪናም ተሞክራ አልሆነችም። የአርምስትሮንግ ሲድሊ ገዢ ሐኪሙ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁ፣ ጡረታ የወጣው መኮንን ነበር። መኪናዎቹ ፍጥነት አይፈልጉም፤ በደንብ የተሠሩ፣ ጸጥ ያሉና ዕድሜ ያላቸው ነበሩ።

አርምስትሮንግ ሲድሊን ከሌላው በእርግጥ የለየው ማርሹ ነው። በ1920ዎቹ መኪና የሚነዳ ሰው ማርሽ ሲቀይር ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ መርገጥ፣ የሞተሩን ፍጥነት በጆሮ መለካት ነበረበት፤ ካልተሳካለት ጥርሶቹ ይፋጫሉ። የታንክ አባቶች ከሚባሉት አንዱ የሆነው መሐንዲስ ዋልተር ጎርደን ዊልሰን ግን ጥርሶቹ ሁልጊዜ የተያያዙበት፣ ማርሹ የሚቀየረው ከበሮ መሰል ክፍሎችን በብረት መቀነት ጠፍንጎ በማቆም የሆነ ማርሽ ሠራ። ነጂው የሚፈልገውን ማርሽ በመሪው አጠገብ ባለች ትንሽ እጀታ አስቀድሞ ይመርጣል። ማርሹ ግን ወዲያው አይቀየርም፤ ነጂው በግራ እግሩ ያለውን ፔዳል ረግጦ ሲለቅ ብቻ ይገባል። ሲድሊ ነገሩን ወዲያው ተረድቶ ከዊልሰን ጋር ኩባንያ መሠረተ። ከ1928 መጨረሻ ጀምሮም ማርሹ በአርምስትሮንግ ሲድሊ መኪናዎች ላይ ገጠመ። በኋላ በእንግሊዝ አውቶቡሶችና የባቡር መኪናዎች ላይ በብዛት ገብቷል።

በ1927 አርምስትሮንግ ዊትዎርዝ በዕዳ ተጨንቆ ከቪከርስ ጋር ሲዋሐድ ሲድሊ ዕድሉን አላሳለፈም። የመኪናውንና የአውሮፕላኑን ክፍል በ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ የራሱ አደረገ። በ1928 ደግሞ አቭሮ የተባለውን የአውሮፕላን ፋብሪካ ጨመረ። ጨርቅ ሲቆርጥ የነበረው ልጅ በ60 ዓመቱ ከአገሩ ታላላቅ የአውሮፕላን አምራቾች አንዱ ሆነ።

መኪናን በተመለከተ የዚህ ዘመን ትልቁ ሥራው በ1933 የወጣችው ሲድሊ ስፔሻል ናት። ሞተሯ 5 ሊትር ሲሆን በአብዛኛው የተሠራው ለአውሮፕላን ሞተር ከተፈለሰፈ ቀላልና ጠንካራ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። የፍጥነት ክብረ ወሰን ባለቤቱ ማልኮም ካምቤል አንዷን ገዝቷል። የተሠሩት ግን 250 ገደማ ብቻ ናቸው። ወቅቱ የዓለም ኢኮኖሚ የወደቀበት ስለነበር ይህን ያህል ውድ መኪና የሚገዛ ሰው ጥቂት ነበር።

ስንብት

በ1935 ሲድሊ ድርጅቱን ቶማስ ሶፕዊዝ ለሚመራው ሆከር ኩባንያ ሸጠ። አዲሱ ድርጅት ሆከር ሲድሊ ተባለ። ሲድሊ ከሥራው ሲለይ ወደ 70 ዓመት እየተጠጋ ነበር። ስሙ ግን በድርጅቱ ላይ ቀረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታወቁት ሃሪኬን ተዋጊና ላንካስተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች የዚህ ድርጅት ሥራዎች ናቸው። ሃሪኬንን የነደፈው የሆከር ሰው፣ ላንካስተርን የነደፈው ደግሞ የአቭሮ ሰው ነው፤ ሲድሊ በንድፉ እጁ የለበትም።

ሲድሊ በ1932 የሰር ማዕረግ አግኝቶ ነበር። በ1937 የኬኒልዎርዝ ባሮን ተባለ። ማዕረጉን የወሰደው ከኮቨንትሪ አቅራቢያ ከሚገኘው፣ እሱም ከሚኖርበት ከኬኒልዎርዝ ከተማ ነው። ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በ1575 በታላቅ ድግስ የተስተናገደችበትን የከተማውን ፍራሽ ግንብ በዚያው በ1937 ገዝቶ እንዲጠበቅ ለመንግሥት እንክብካቤ ሰጠ። በ1958 ልጁ ሲረል ግንቡን ለከተማው ሕዝብ አስተላልፏል። ሲድሊ የመጨረሻ ዘመኑን በጀርሲ ደሴት አሳልፎ በ87 ዓመቱ ኖቬምበር 3 ቀን 1953 ሞተ።

የመኪናው መጨረሻ

ሲድሊ በሞተበት ጊዜ በስሙ የሚጠራው መኪና ገና በሕይወት ነበር። እንዲያውም አርምስትሮንግ ሲድሊ በሜይ 1945 ጀርመን እጇን በሰጠችበት ሳምንት አዳዲስ መኪናዎች ይፋ አድርጎ ነበር፤ ስማቸውንም ከድርጅቱ አውሮፕላኖች ወስዶ ላንካስተርና ሃሪኬን ብሏቸዋል። በ1952 መጨረሻ 3.4 ሊትር ሞተር ያላት ሳፋየር ወጣች። ይህችም ስሟን ያገኘችው ከጄት ሞተር ነው።

ሳፋየር ጥሩ መኪና ነበረች፤ ችግሩ ጃጓር ነበር። ጃጓርም በዚያው በኮቨንትሪ ከተማ፣ የበለጠ ፈጣንና የበለጠ ርካሽ መኪና በብዛት ያወጣ ነበር። አርምስትሮንግ ሲድሊ በ1955 ሁለት አነስተኛ መኪናዎች አውጥቶ አዲስ ገዢ ለመሳብ ሞከረ። ቅርጻቸው ግን የቀድሞውን ደንበኛ አላስደሰተም፤ አዲሱንም አልሳበም። ሁለቱም በድምሩ ከ1,500 በታች ተሠርተው ቆሙ። የመጨረሻዋ ስታር ሳፋየር በ1958 ወጣች፤ ከእሷም የተሠሩት 1,000 አይሞሉም።

በ1959 የድርጅቱ የሞተር ክፍል ከብሪስቶል የአውሮፕላን ሞተር ፋብሪካ ጋር ተዋሕዶ ብሪስቶል ሲድሊ ተባለ። አዲሱ ኩባንያ የጄት ሞተር ከሚሠራበት ቦታና ከሠለጠነ ሠራተኛ ላይ በዓመት ጥቂት መቶ መኪና ለመሥራት የሚያባክነው ነገር አልነበረውም። በ1960 የመኪናው ሥራ ተዘጋ። ድርጅቱ ከስሮ አይደለም፤ ሌላው ሥራው የበለጠ ስላዋጣው ነው። ብዙ የመኪና ስሞች በዕዳ ሲጠፉ ይህኛው የጠፋው በሲድሊ ሌላ ስኬት ነው።

ሰብሳቢዎቹ

የአርምስትሮንግ ሲድሊ ባለቤቶች ማኅበር የተቋቋመው ፋብሪካው መኪና መሥራት ባቆመበት በ1960 ነው። ብሪስቶል ሲድሊ በ1966 በሮልስ ሮይስ ተገዛ። ሮልስ ሮይስም በ1971 ራሱ ከሰረ። የአሮጌዎቹ መኪናዎች መለዋወጫ፣ ንድፍና ሰነድ በዚህ መካከል ተረስቶ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ሊሸጥ ይችል ነበር። በ1972 ግን ማኅበሩ የቀረውን መለዋወጫ ሁሉ፣ ንድፎቹን፣ የፈጠራ መብቶቹንና አርምስትሮንግ ሲድሊ የሚለውን ስም ጭምር ገዛ። አንድ የመኪና ስም በሙሉ፣ ከነመብቱ፣ በባለቤቶቹ ማኅበር እጅ መግባቱ በመኪና ታሪክ ውስጥ ብርቅ ነገር ነው።

ይህ ግዢ ተራ የማስታወሻ ጉዳይ አልነበረም። እነዚህ መኪናዎች ያለ ንድፉ አይጠገኑም። የብዙዎቹ አካል ከሥሩ የእንጨት አጥንት ስላለው እርጥበት ያበሰብሰዋል፤ ከውጭ የሚያምር መኪና ከውስጥ ዱቄት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የዊልሰን ማርሽም የራሱ ጠባይ አለው። ፔዳሉን የሚመልሰው ብርቱ ምንጭ ስለሆነ ነጂው እስከ ወለሉ ድረስ ካልረገጠ፣ ወይም መቀነቶቹ ካልተስተካከሉ፣ ፔዳሉ ከተለመደው ቦታው በላይ ተመልሶ እግሩን ይመታዋል። ያን ጊዜ መልሶ ለማውረድ ሁለቱንም እግር ማንሣት ያስፈልጋል። ሰብሳቢዎቹ ይህን ሁሉ ያውቁታል፤ አዲስ የገዛውን ሰው መጀመሪያ የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው።

አብዛኞቹ ሰብሳቢዎች ሀብታሞች አይደሉም። አርምስትሮንግ ሲድሊ እንደ ቤንትሊ ወይም እንደ ጃጓር ዋጋው ስላልናረ፣ መኪናውን ለትርፍ የሚገዛ ጥቂት ነው። ወደ አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ ብዙ መኪና ተልኮ ስለነበር በእነዚህ አገሮችም ማኅበራት አሉ። የእንግሊዙ ማኅበር መጽሔት ስሙ ስፊንክስ ነው።

በኮቨንትሪ ፓርክሳይድ በሚባለው ሰፈር የነበረው ፋብሪካ ፈርሶ በቦታው የኮቨንትሪ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ተሠርቷል። በከተማው የመጓጓዣ ሙዚየም ውስጥ የፋብሪካው መኪናዎች ይታያሉ። ሆከር ሲድሊ የሚለው የአውሮፕላን ስም በ1977 ብሪቲሽ ኤሮስፔስ ሲመሠረት ከአውሮፕላኖች ላይ ወርዷል። ምኒልክ የተሳፈሩባት ዓይነት፣ ዎልስሊ-ሲድሊ የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ከ1910 በፊት የተሠሩ መኪናዎች ግን አሁንም ጥቂቶቹ በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ፤ በእንግሊዝ አገር በሚደረጉ የጥንት መኪናዎች ሰልፍ ላይም በራሳቸው ሞተር ይሄዳሉ።